አል-ቢሩኒን በስም ሳይሆን በስሌት እንወቃቸው

ስለ ቀደምት የሙስሊም ሊቃውንት ወሬ ሲነሳ ብዙዎቻችን ስም መደርደር ይቀናናል። አልጀብራን እነ እገሌ ጀመሩት፣ ሥነ ፈለክን እነ እገሌ አሳደጉት እንላለን። ምን ሠሩ? እንዴትስ ሠሩት? ተብለን ብንጠየቅ ግን መልሳችን ዝምታ ነው። እኔ በመቄት ወረዳ በፍላቂት ከተማ ለወጣቶች የኮምፒዩተር ፕሮግራም አጻጻፍ ስለማስተምር ይህ ጉዳይ ዘወትር ያጋጥመኛል። ተማሪዎቼ ሳይን፣ ኮሳይንና ታንጀንት የተባሉትን ነገሮች ኮምፒዩተር ይዟቸው የመጣ የባዕድ ዕቃ አድርገው ያዩአቸዋል። ስለዚህ የአንድ ሊቅ ሕይወት ላወሳ ወደድኩ።

አቡ ረይሐን አል-ቢሩኒ በ362 ዓመተ ሂጅራ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ973፣ ዛሬ ኡዝቤኪስታን በሚባለው አገር በኸዋሪዝም ተወለዱ። ካስተማሯቸው አንዱ አቡ ነስር መንሱር የተባሉ ልዑልና የሒሳብ ሊቅ ናቸው። በ995 በአገሩ ጦርነት ተነስቶ ወጣቱ ቢሩኒ ለስደት ተዳረጉ። በ997 ግን ከባግዳዱ ሊቅ ከአቡል ወፋ ጋር ተስማምተው፣ አንድን የጨረቃ ግርዶሽ እሳቸው በካስ ከተማ፣ አቡል ወፋም በባግዳድ ሆነው ተከታተሉት። ግርዶሹ ለሁለቱም የሚታየው በአንድ ቅጽበት ነው፤ እንግዲያውስ የሁለቱ ከተሞች የሰዓት ልዩነት ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ምን ያህል እንደሚራራቁ ያሳያል ማለት ነው።

በ1017 የገዝናው ሱልጣን ማሕሙድ ኸዋሪዝምን ሲይዙ ቢሩኒን ወደ ገዝና፣ ወደዛሬዋ አፍጋኒስታን ወሰዷቸው። ከአገራቸው ተነቅለው ቢሄዱም ሥራቸውን አልተዉም። የሱልጣኑ ዘመቻ የህንድን በር ሲከፍት እሳቸው የሳንስክሪት ቋንቋ አጥንተው ስለ ህንድ ሕዝብና ዕውቀት ሰፊ መጽሐፍ ጻፉ። ሳይን የሚለው ቃል ራሱ ጉዞው በዚያው በኩል ነው። ህንዶች ጅያ ያሉትን ዐረቦች ጂባ አሉት፤ ቆይቶ ጀይብ ተብሎ ተነበበ፤ የላቲን ተርጓሚዎችም ጉያ የሚል ፍቺ ሰጥተው ሲኑስ አሉት። የባዕድ የተባለው ቃል የብዙ ሕዝብ እጅ ያረፈበት ነው።

በ1025 ቢሩኒ የከተሞችን አቀማመጥ ስለመወሰን በጻፉት መጽሐፍ ከያዟቸው ጉዳዮች አንዱ የገዝና ቂብላ ነው። የሁለት ቦታዎች ኬክሮስና ኬንትሮስ ከታወቀ አቅጣጫው በሳይንና በኮሳይን ይገኛል። ያንኑ ስሌት ዛሬ አንድ ተማሪ በጥቂት መስመር ፕሮግራም ይሠራዋል። ለፍላቂት ሲሠራው ቂብላው ወደ ሰሜን፣ ጥቂት ወደ ምሥራቅ ያዘነበለ ሆኖ ያገኘዋል።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን ዛሬ ፓኪስታን ውስጥ ባለው በናንዳና ምሽግ የሠሩት ሥራ ነው። በመጀመሪያ ከሜዳው ላይ ከሁለት ቦታ ማዕዘን ለክተው የተራራውን ከፍታ 652 ክንድ ከጥቂት ብለው አወጡ። ቀጥሎ ከተራራው ጫፍ ሆነው አድማሱ ከአግድም መስመር ምን ያህል ዝቅ እንደሚል ለኩ፤ 34 ደቂቃ ሆነ፤ ይኸውም ከአንድ ዲግሪ ጥቂት ከግማሽ በላይ ነው። ከፍታውን በማዕዘኑ ኮሳይን አባዝተው፣ አንድ ሲቀነስ ኮሳይን ለሚሆነው ሲያካፍሉት የምድር እኩሌታ ስፋት፣ ማለትም ሬዲየሷ፣ 12,803,337 ክንድ ሆኖ ተገኘ። ይህ ዘዴ ፊት ለፊቱ ለጥ ያለ ሜዳ ይፈልጋል። ከመቄት አፋፍ ላይ ሆኖ ቢሞከር የላስታ ተራሮች አድማሱን ስለሚጋርዱት አይሳካም፤ የመጀመሪያው ልኬት፣ የተራራው ከፍታ ግን እዚሁም ይሠራል።

ይህንኑ ስሌት በፓይተን ጽፈን ብናሠራው ውጤቱ ወደ 13,331,700 ክንድ ይመጣል። ከ528 ሺህ ክንድ በላይ የሆነው ልዩነት ከየት መጣ? የቢሩኒ ሠንጠረዥ በስድሳ ቤት የሚቆጠር ነበር። አንድ ሲቀነስ ኮሳይን ከ216,000 ክፍል 11 ክፍል ሆኖላቸዋል፤ ትክክለኛው ወደ 10.56 ነው። ግማሽ እንኳ የማትሞላ ክፍልፋይ ተጠጋግታ ውጤቱን በመቶ አራት ያህል አዛባችው። ሁለት እኩል ሊሆኑ የተቃረቡ ቁጥሮች ሲቀናነሱ የሚተርፈው ጥቂት ስለሆነ ስሕተቱ ይገናል። ኮምፒዩተርም ከዚህ ወጥመድ ነፃ አይደለም። ማዕዘኑ በጣም ትንሽ ከሆነ አንድ ሲቀነስ ኮሳይን ከማለት የግማሹን ማዕዘን ሳይን በራሱ አባዝቶ በሁለት ማብዛት ይሻላል።

ሌላም አለ። ተማሪ ሳይን 30 ብሎ ጽፎ ግማሽ ይጠብቃል፤ ኮምፒዩተሩ ግን ከዜሮ በታች 0.988 ይለዋል። ኮምፒዩተሩ ማዕዘንን የሚቆጥረው በዲግሪ ሳይሆን በራዲያን ስለሆነ 30ን በፓይ አባዝቶ ለ180 ማካፈል ግድ ነው። ይህን የማያውቅ ተማሪ ስሕተቱን የሚነግረው የለም፤ ኮምፒዩተሩ የተጠየቀውን መልሶ ዝም ይላል።

አንዳንድ ጸሐፊዎች ቢሩኒ የምድርን ልክ ያለ ስንጥር አገኙት ብለው ይመጻደቃሉ። ነገር ግን የክንዱ ርዝመት በሜትር ስንት እንደሆነ ዛሬም ያከራክራል፤ የአድማስ ብርሃንም በአየር ውስጥ ሲያልፍ ስለሚታጠፍ ልኬቱን ያዛባዋል። ታላቅነታቸው በቁጥሩ መግጠም አይደለም። ቀደም ሲል በሰፊ በረሃ በእግር እየተጓዙ ይለካ የነበረውን ነገር በአንድ ተራራና በሁለት ስሌት መጨረሳቸው፣ መንገዱንም ሌላው እንዲፈትሸው ደረጃ በደረጃ መጻፋቸው ነው። ከሺህ ዓመት በኋላ ልዩነቱን ያገኘነውም ስለጻፉልን ነው።

ልኬቱን የያዘውን ቃኑን አል-መስዑዲ የተባለ ታላቅ የሥነ ፈለክ መጽሐፋቸውን በ1030 ገደማ ለሱልጣን መስዑድ አበረከቱ። በ440 ዓመተ ሂጅራ፣ በ1048 ገደማ፣ ገዝና ውስጥ ዐረፉ፤ አላህ ይዘንላቸው።

እንግዲህ ወላጆችና መምህራን ሆይ! ለልጆቻችን የሊቃውንቱን ስም ማስጠናት ብቻውን አይበቃም። ስም የያዘ ልጅ ይኮራ ይሆናል፤ ስሌቱን የሠራ ልጅ ግን ኮምፒዩተሩ የሰጠውን መልስ ከየት መጣህ ብሎ መጠየቅ ይችላል። ኮምፒዩተር የሌለው ትምህርት ቤት እንኳ ክርና ፕሮትራክተር አያጣም። ልጆቹ ወደ ሜዳ ወጥተው የአንዱን ጉብታ ከፍታ ይለኩ፤ ሳይንና ታንጀንት ምን እንደሆኑ ያኔ ይገባቸዋል።