ሰር ጆርጅ ቶማስ፤ የጥንድ ጨዋታ ጌታ



ባለፈው ዓመት በትምህርት ቤታችን በተደረገው የባድሜንተን ውድድር እኔና የክፍል ጓደኛዬ ጥንድ ሆነን እስከ ፍጻሜው ደርሰን ነበር። በፍጻሜው ግን ተሸነፍን። የተሸነፍንበትም ምክንያት፣ እውነቱን ልናገርና፣ የእኔ ስስት ነው። ለጓደኛዬ ልተውለት የሚገባኝን ኳስ ሁሉ እኔው ልምታ እያልሁ ስሮጥ ራኬቶቻችን ሁለት ጊዜ ተጋጩ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ቀን ተኳርፈን ቆየን። በዚያ በኩርፊያው ሰሞን ነው እንግዲህ በቤተ መጻሕፍት ተቀምጬ ስለዚህ ጨዋታ ሳነብ የሰር ጆርጅ ቶማስን ታሪክ ያገኘሁት።

ሰር ጆርጅ አላን ቶማስ በ1881 ዓ.ም. ከቁስጥንጥንያ አጠገብ በምትገኘው በቴራፒያ ተወለዱ። (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።) አባታቸው እንግሊዛዊ ባላባት ስለ ነበሩ፣ ሰር የሚለውን ማዕርግ በ1918 ዓ.ም. ከእርሳቸው ወረሱ። እናታቸው ሌዲ ኤዲት ደግሞ ጎበዝ የሰንጠረዥ፣ ማለት ዛሬ ቼዝ የምንለው ጨዋታ፣ ተጫዋች ነበሩ። በ1895 ዓ.ም. በሄስቲንግስ ከተማ በተደረገው የሴቶች ውድድር ያሸነፉት እርሳቸው ናቸው። እንግዲህ ልጁ በቤቱ ውስጥ ጥሩ አስተማሪ አላጣም ማለት ነው።

ባድሜንተን በህንድ አገር በፑና ከተማ የነበሩ የእንግሊዝ መኮንኖች ይጫወቱት የነበረ ሲሆን፣ ወደ እንግሊዝ አገር ከተሻገረ በኋላ ባድሜንተን ከሚባለው ከአንድ መስፍን ቤት ስሙን አገኘ። በሰር ጆርጅ ዘመን ከውድድሮች ሁሉ የሚበልጠው ኦል ኢንግላንድ የሚባለው ነበር። እርሳቸውም በ1903 ዓ.ም. ከወይዘሪት ኤቴል ቶምሰን ጋር በወንድና በሴት ጥንድ ለመጀመሪያ ጊዜ አሸነፉ። ለመጨረሻ ጊዜ ያሸነፉት በ1928 ዓ.ም. ሲሆን ዕድሜያቸው ያን ጊዜ 46 ዓመት ነበር። በመካከሉ ጦርነት ተነሥቶ ከ1915 እስከ 1919 ዓ.ም. ውድድሩ ባይቋረጥ ኖሮ ምን ያህል በጨመሩ ነበር!

ያሸነፉት በጠቅላላው 21 ጊዜ ነው። እኔን ያስደነቀኝ ግን የቍጥሩ ብዛት አይደለም። ለብቻቸው ያሸነፉት ከ1920 እስከ 1923 ዓ.ም. 4 ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ በወንዶች ጥንድ 9 ጊዜ፣ በወንድና በሴት ጥንድ 8 ጊዜ አሸንፈዋል። ይህም ማለት 17ቱን ድል ከሌላ ሰው ጋር ተካፍለውታል። የተካፈሉትም ከአንድ ሰው ጋር አይደለም። ከማሬት ጋር 4 ጊዜ፣ ከቼስተርተን ጋር 2 ጊዜ፣ ከሆጅ ጋር 3 ጊዜ፣ ከወይዘሪት ሄዝል ሆጋርት ጋር ደግሞ 4 ጊዜ አሸንፈዋል። ጓደኛው ሲለወጥ ድሉ ያው ነው።

ጥንድ ጨዋታ የሞከረ ሰው ይህ ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ ያውቃል። ሲያጠቁ አንዱ ከመረቡ አጠገብ፣ ሌላው ከኋላ ይሆናል፤ ሲከላከሉ ግን ጎን ለጎን ይቆማሉ። ይህን ለውጥ ለመነጋገር ጊዜ የለም፤ የላባዋ ኳስ አትጠብቅም። በሁለቱ መካከል የምትመጣዋ ኳስ የማን ናት? እኔ ሁልጊዜ የእኔ ናት እል ነበር።

የሰንጠረዡንም ነገር ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። በ1912 ዓ.ም. በለንደን ኤድዋርድ ላስከር ከሚባል ወጣት መሐንዲስ ጋር ገጠሙ። ላስከር ንግሥቱን አሳልፎ ሰጠና የቶማስን ንጉሥ ከቤቱ አስወጥቶ፣ በገበታው ላይ እያሳደደ እስከ ራሱ የኋላ መስመር ድረስ አምጥቶ በ18ኛው እርምጃ ማት አደረገው። ይህ ግጥሚያ እስከ ዛሬ ድረስ በሰንጠረዥ መጻሕፍት ይታተማል። ላስከር በኋላ በመጽሐፉ እንደ ገለጠው ተሸናፊው በወዳጅነት ጨዋታውን አመስግነውለታል። እኔ በዚያ ቦታ ብሆን ገበታውን የምገለብጥ ይመስለኛል።

እርሳቸው ግን በ1923 እና በ1934 ዓ.ም. የብሪታንያ ሻምፒዮን ሆኑ። በ1934 ዓ.ም. መጨረሻ በተጀመረው የሄስቲንግስ ውድድርም፣ በ53 ዓመታቸው፣ የቀድሞውን የዓለም ሻምፒዮን ካፓብላንካንና ኋላ የዓለም ሻምፒዮን የሆነውን ቦትቪኒክን አሸንፈው አንደኛነቱን ከኡዌና ከፍሎር ጋር ተካፈሉ። እዚህም ተካፈሉ!

በ1934 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ የባድሜንተን ፌዴሬሽን ሲቋቋም ፕሬዚዳንት ሆነው እስከ 1955 ዓ.ም. መሩት። በ1939 ዓ.ም. ለአገሮች የወንዶች ውድድር የብር ዋንጫ ሰጡ፤ ነገር ግን ጦርነት ስለ ተነሣ ውድድሩ የተጀመረው በ1948 ዓ.ም. ነው። በ1949 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በፕሬስተን ከተማ በተደረገው ፍጻሜ ማላያ ዴንማርክን 8 ለ 1 አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች። የሚገርመው እስከ 2024 ዓ.ም. በተደረጉት ውድድሮች ሁሉ የሰጪው አገር እንግሊዝ አንድ ጊዜ እንኳ አላሸነፈችም።

ጨዋታው የመጣባት ህንድም ብዙ ጠበቀች። በ2022 ዓ.ም. በባንኮክ፣ 14 ጊዜ ያሸነፈችውን ኢንዶኔዥያን 3 ለ 0 ረትታ የቶማስን ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ አነሣች። ሁለተኛውን ግጥሚያ ያሸነፉት ጥንዶቹ ሳትዊክሳይራጅ ራንኪሬዲና ቺራግ ሼቲ ናቸው። የመጀመሪያውን ዙር ተሸንፈው፣ በሁለተኛው 23 ለ 21፣ በሦስተኛው 21 ለ 19 ረቱ።

ሰር ጆርጅ ይህን አላዩም። ሚስት ሳያገቡ ኖረው በ1972 ዓ.ም. በ91 ዓመታቸው ዐረፉ፤ ወራሽ ስላልነበራቸው የቤተ ሰቡ ማዕርግ በእርሳቸው ቆመ።

ይህን ጽሑፍ ለመጽሔቱ አዘጋጆች ከማስረከቤ በፊት ያነበበልኝ ያው ጓደኛዬ ነው። ሁለት ቦታ ላይ የፊደል ስሕተት አርሞልኛል። ለዘንድሮውም ውድድር አብረን ተመዝግበናል።