ቀኝ እጁን ቦምብ የነጠቀው ባለ ሁለት ወርቅ

ካሮሊ ታካችን ብዙ የኳስ አፍቃሪ ላያውቀው ይችላል። በዒላማ ተኩስ ግን ታካች ማለት በኳሱ ፑሽካሽ እንደማለት ነው። ሁለቱም ሃንጋሪያውያን፣ ሁለቱም የጦር ሠራዊት አባላት ነበሩ።

ታካች የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1910 ቡዳፔስት ውስጥ ነው። ጦሩን ተቀላቅሎ በሽጉጥ ተኩስ ከአገሩ ምርጦች አንዱ ሆነ። ይሁንና ከ1936ቱ የበርሊን ኦሊምፒክ ውጪ ተደረገ። ችግሩ የብቃት አልነበረም። የጦሩ ደንብ ለውድድሩ የሚፈቅደው ለመኮንኖች ብቻ ሲሆን እሱ ሳጅን ነበር። ክልከላው የተነሣው ከበርሊን በኋላ ነው።

ምን ያደርጋል! በ1938 በወታደራዊ ልምምድ ላይ የእጅ ቦምብ ፈንድቶ የሚተኩስበትን ቀኝ እጁን ከጥቅም ውጪ አደረገበት። አንድ ወር ሆስፒታል ተኛ። ሲወጣ ለማንም ሳይናገር በግራ እጁ ልምምድ ጀመረ። በ1939 የሃንጋሪ ሻምፒዮና ላይ ሲመጣ ተፎካካሪዎቹ ሊያያቸው የመጣ መስሏቸው ነበር። እሱ ግን አሸንፏቸው ሄደ።

የ1940 እና የ1944 ኦሊምፒኮች በጦርነት ምክንያት ቀሩ። ታካች 38 ዓመት ሞልቶት በ1948 ለንደን ደረሰ። በፈጣን የሽጉጥ ተኩስ ከ600 ነጥብ 580 አስመዝግቦ በዓለም ክብረ ወሰን ወርቁን ወሰደ። በ1952 ሄልሲንኪ ላይ ደገመው። ፑሽካሽና ጓደኞቹም የኳሱን ወርቅ የወሰዱት በዚያው ኦሊምፒክ ነው። የመጨረሻ ኦሊምፒኩ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳተፈችበት የ1956ቱ ሜልቦርን ሲሆን 8ኛ ወጣ። በ1976 በ65 ዓመቱ አረፈ።

ታሪኩን ያነሣነው የደንብ ጉዳይ እኛንም ስለሚመለከት ነው። ነገ በአዞዎቹ ከተማ በአርባ ምንጭ ወይም በሌላ የጋሞ ዞን ከተማ የዒላማ ተኩስ ሜዳ ልክፈት የሚል ቢመጣ መጀመሪያ የሚገጥመው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው። መሣሪያ ጨዋታ አይደለምና ጥብቅ ቁጥጥር የግድ ነው። መሣሪያው የት ይቀመጣል፣ ማን ይጠብቀዋል፣ ጥይቱ ሰው ወዳለበት እንዳይሄድ ምን ተሠርቷል ብሎ የሚጠይቅ ደንብ ሕይወት ያድናል። ማዕረግ ብቻ የሚያይ ደንብ ግን ታካችን የሚያክል ተኳሽ ቤቱ ያስቀራል። ሃንጋሪ በርሊን ላይ ያጣችውን ወርቅ ለማግኘት 12 ዓመት ጠብቃለች፤ ያውም በግራ እጅ።