አባ ጅፋርና የሰው ልብ

የሰውን ልብ የሚለካ መሣሪያ እስከ ዛሬ አልተሠራም፤ የሌላው አሳብ የሚታወቀው ከአድራጎቱ በግምት ነው። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1878 የነገሡት የጅማው ዳግማዊ አባ ጅፋር፣ የሂርማታ ገበያ የቡና ነጋዴ የገዢውን ፊት እንደሚያነብ የምኒልክን አሳብ ከሩቅ አነበቡ፤ በእናታቸው በገኔ ጉሚቲ ምክር ገብረው የውስጥ አስተዳደራቸውን ጠበቁ። ጎረቤቶቻቸውም እንዲገብሩ መከሩ፤ አልሰሟቸውም። የወላይታው ካዎ ጦና፣ መካሪው ወዳጅ ይሁኑ አጥማጅ በምን ሊያውቁ ይችሉ ነበር? ቅን ምክርና ተንኮል ከውጭ ሲታዩ መልካቸው አንድ ነው። ጥርጣሬውም፣ ለእውነት ለመናገር፣ ከንቱ አልነበረም፤ ወላይታ በ1894፣ ከፋም በ1897 ሲወጉ የጅማ ጦር ከምኒልክ ጎን ተሰልፏል። ንጉሡ በ1932 ዐረፉ፤ የጅማ የውስጥ አስተዳደርም በዚያው ዓመት አከተመ።