ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝና ስለ ሥራ የሰጡት ምክር

በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር ሐዲድ ድሬዳዋ በደረሰ ጊዜ የሐረር ከተማ ጦር ሳይነካት፣ እሳትም ሳይወድቅባት አንድ ትልቅ ነገር አጣች። በመጀመሪያው አሳብ ሐዲዱ ወደ ሐረር እንዲወጣ ታቅዶ ነበር። ነገር ግን የተራራው አቀበት ብዙ ወጪና ብዙ ድካም የሚጠይቅ ሆኖ ስለ ተገኘ፣ ባቡሩ ከተማይቱን ወደ ጎን ትቶ በቆላው በኩል እንዲያልፍ ተደረገ። አዲሱ ጣቢያ በመጀመሪያ አዲስ ሐረር ተብሎ ነበርና ስሙ ራሱ የሆነውን ነገር ይናገራል። ዛሬ የአቦከር ወረዳ የሚገኝባት ጥንታዊት ከተማ ለብዙ ዘመን የኖረችው ከዘይላ በሚመጣውና ወደ ዘይላ በሚወርደው የሲራራ ንግድ ነበር። ግመል ነጂው፣ ጫኙ፣ ደላላው፣ እንግዳ አሳዳሪው ሁሉ እንጀራው የተሰፋበት ንግድ ቀስ በቀስ ወደ ቆላው ወረደ። ባቡሩ እያራገፈ የሚያስገባው የፋብሪካ ጨርቅ ደግሞ ለሸማኔው ብርቱ ተፎካካሪ ሆነበት።

ሰው ሳይሰንፍ ሥራ የሚያጣበት ምክንያት ምንድን ነው? መንግሥትስ ምን ሊያደርግ ይገባዋል? ይህን ጥያቄ በአማርኛ ቋንቋ አስፍተው ከመረመሩት ሰዎች መካከል የፊተኛውን ስፍራ የያዙት ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ናቸው። የሕይወታቸው የመጨረሻ ዓመታትም ያለፉት በዚሁ በሐረር ግርጌ፣ በድሬዳዋ የጉምሩክ ሹምነት ነው።

ገብረ ሕይወት በ1878 ዓ.ም. በትግራይ፣ በአድዋ አቅራቢያ ተወለዱ። አባታቸው የዐፄ ዮሐንስ ባለሟል እንደ ነበሩና በ1881 ዓ.ም. በመተማው ጦርነት ከንጉሠ ነገሥታቸው ጋር እንደ ወደቁ ይነገራል። ከዚያ በኋላ አገሩን ራብና በሽታ መታው። ብላቴናው ገብረ ሕይወትም ከጓደኞቻቸው ጋር ወደ ምጽዋ ወረዱ። በወደቡ የቆመውን የጀርመን መርከብ ሊያዩ ገብተው በዚያው ተሸሽገው ቀሩ። መርከቡ ባሕር ከገባ በኋላ ቢገኙም የመርከቡ አዛዥ አልጣላቸውም፤ አውሮፓ አድርሶ ለአንድ ባለጸጋ የኦስትሪያ ቤተ ሰብ አደራ ሰጣቸው። በዚያም እንደ ልጅ አድገው የጀርመንን ቋንቋ ተማሩ፤ በበርሊንም የሕክምና ትምህርት እንደ ተከታተሉ ይነገራል።

ጎልምሰው ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ በዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት በአስተርጓሚነት አገለገሉ። የንጉሠ ነገሥቱ ሕመም በጸናበት ወራት ለሕክምና ከመጣው ጀርመናዊ ሐኪም ጋር ሠርተዋል። ነገር ግን በአልጋው ዙሪያ የነበረው ሽኩቻ ለእርሳቸውም ተረፈና አገር ለቀው በስደት ቆዩ። ከፖለቲካው ሸንጎ ርቀው በቆዩበት በዚያ ጊዜ ያሰላሰሉትን «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» በተባለው አጭር ጽሑፍ አቀረቡ። ጽሑፉ በ1904 ዓ.ም. አሥመራ ታተመ። የተጻፈው ለሚነግሠው ለልጅ ኢያሱ ምክር እንዲሆን ነው። የንጉሥ ገንዘብ ከመንግሥት ገንዘብ እንዲለይ፣ ግብር በሰው አቅም ተመዝኖ በገንዘብ እንዲከፈል፣ ሹማምንት የታወቀ ደመወዝ እንዲኖራቸው፣ ሕግ ተጽፎ እንዲወጣ፣ ትምህርት እንዲስፋፋ፣ ገንዘብ አንድ ዓይነት እንዲሆን የሚጠይቅ ነበር። እነዚህ ሁሉ ሲታዩ የተበታተኑ ይመስላሉ። ሲመረመሩ ግን ሠራተኛው የድካሙን ፍሬ ሳይነጠቅ እንዲያገኝ የሚያደርጉ መሆናቸው ይገለጣል።

ጸሐፊው ከስደት ተመልሰው በቤተ መንግሥትና በምድር ባቡር ጉዳይ ካገለገሉ በኋላ የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆነው ተሾሙ። ነጋድራስነት የነጋዴ አለቅነት ብቻ አልነበረም፤ የገቢውንና የወጪውን ዕቃ የሚያይ፣ ቀረጥ የሚሰበስብ፣ በነጋዴም መካከል የሚፈርድ ሹመት ነበር። ከሐረርጌ ደጋ በግመልና በአህያ የወረደው ቡናና ቆዳ በዚያ በኩል ይወጣል፤ ጨርቁ፣ ብረታ ብረቱ፣ መጠጡና ልዩ ልዩው የፋብሪካ ሥራ በዚያው በኩል ይገባል። ያን በር የሚጠብቅ ሰው የአገሩን ንግድ በወሬ ሳይሆን በሚዛን ያውቀዋል።

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት በዋናው መጽሐፋቸው፣ በ«መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር»፣ የዘረዘሩት ነገር ከዚህ በር ጋር የተያያዘ ነው። እንደ እርሳቸው አስተያየት የአገር ሀብት ወርቅና ብር አይደለም፤ ከምድርና ከተፈጥሮ ጋር የተገናኘ የሰው ሥራ ነው። የሥራም ኃይል በእውቀትና በመሣሪያ ይለካል። መሣሪያና እውቀት ያለው ሕዝብ በአንድ ቀን የሠራውን ዕቃ፣ እውቀት የጎደለው ሕዝብ ብዙ ቀን በደከመበት ነገር ይለውጠዋል። ስለዚህ ገበያው ለሁለቱ ወገን እኩል መስሎ ቢታይም፣ አንዱ ዘወትር ጥቂት ሥራ ሰጥቶ ብዙ ሥራ ይቀበላል። ባቡሩም ለብቻው ብልጽግናን አያመጣም። አገሪቱ ጥሬ ዕቃ እያወጣች የተሠራ ዕቃ ብቻ የምታስገባ ከሆነ፣ ባቡሩ የሌላውን አገር ሠራተኛ ያበለጽግ ዘንድ የአገሩን እጅ ሠራተኛ ሥራ ፈት ያደርገዋል።

ለዚህ ያመለከቱት መድኃኒት በሩን መዝጋት አልነበረም። የጃፓንን ምሳሌነት አብዝተው ያደንቁ ነበርና፣ ሕዝቡ ተምሮ ራሱ አምራች እንዲሆን፣ ቀረጥም የመንግሥት ገቢ ብቻ ሳይሆን የአገር ሥራ መጠበቂያ እንዲሆን መከሩ። በዚህ በኩል ግን የመንግሥቱ እጅ የታሰረ ነበር። በ1900 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር የተደረገው፣ በክሎቡኮውስኪ ስም የሚጠራው ውል፣ ኢትዮጵያ በሚገባው ዕቃ ላይ የምታስከፍለውን ቀረጥ በጠቅላላው ከመቶ አሥር ላይ ወስኖት ነበር። የድሬዳዋው ነጋድራስ የሚበጀውን እያወቁ፣ የሚሠሩበት ሕግ ግን ያን ለማድረግ አይፈቅድላቸውም ነበር።

ከውጭው ገበያ ሌላ የውስጡንም ሥራ ፈትነት አልሸሸጉም። በገበሬው ላይ ተሠርቶ የሚበላውን ወታደርና ሹም አብዝተው ነቀፉ። ገበሬው ትርፉ እንደሚወሰድበት ካወቀ ከዕለት ጉርሱ አልፎ የሚደክምበት ምክንያት እንደማይኖረው፣ ሰነፍ የሚያሰኘውም ተፈጥሮው ሳይሆን አስተዳደሩ መሆኑን አስረዱ። በዚህ አሳባቸው ሥራ ማጣትን ከግለሰቡ ጠባይ አውጥተው ወደ መንግሥት አስተዳደር ጥያቄነት አሻገሩት። ለእውቀት ማነስ የሰጡት ክብደት ከልክ አልፏል፣ ከበላይ በሚመጣ ለውጥም እጅግ ተማምነዋል ብለው የሚተቹ አሉ። ትችቱ ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ጥያቄውን በትክክለኛው ስፍራ ማቆማቸውን አይሽረውም።

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት በ1911 ዓ.ም. በሰኔ ወር፣ ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜያቸው መጀመሪያ ላይ አረፉ። ዋናው መጽሐፋቸው በእጅ ጽሑፍ ቀርቶ ነበር። አዲስ አበባ ላይ በአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ማተሚያ ቤት ታትሞ የወጣው በ1916 ዓ.ም. ነው። ምክሩ ለአንባቢ የደረሰው መካሪው ካረፉ ከአምስት ዓመት በኋላ ነው ማለት ነው።

እርሳቸው ባረፉ በአራተኛው ወር ገደማ በዋሽንግተን የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የሥራ ጉባኤ ተሰበሰበ። ያ ጉባኤ ካጸደቃቸው ስምምነቶች ሁለተኛው ስለ ሥራ አጥነት ነበር። ስምምነቱን የተቀበለ መንግሥት ሥራ ፈላጊን ከአሠሪ ጋር በነጻ የሚያገናኙ መሥሪያ ቤቶችን እንዲያቋቁም፣ ለእነዚህም መሥሪያ ቤቶች አሠሪዎችና ሠራተኞች የተወከሉበት አማካሪ ኮሚቴ እንዲሰይም ደነገገ። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. መጀመሪያ የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ከዓለም የሥራ ድርጅትም ጋር ተቀላቀለች። ይህን ስምምነት ያጸደቀችው በ1958 ዓ.ም. ሲሆን፣ ሥራና ሠራተኛ ስለ ማገናኘት አገልግሎት የወጣውን ሌላውን ስምምነት፣ ቁጥር 88ን፣ ቀደም ብላ በ1955 ዓ.ም. ተቀብላ ነበር። ከዚያም ወዲህ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 377/1996፣ በኋላም በአዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ መንግሥት፣ አሠሪዎችና ሠራተኞች የሚወከሉበት፣ የሥራ ስምሪትን ጉዳይ እየመረመረ የሚመክር ቋሚ አማካሪ ቦርድ ሊቋቋም እንደሚችል ተደንግጓል።

በነጋድራሱ ዘመን ይህ ሁሉ አልነበረም። ምክር የአንድ ሰው ነበር፤ ሰውየው ከሹም ሲጣላ ምክሩ አብሮት ይሰደዳል፣ ሲሞትም በሣጥን ይቀመጣል። ሸማኔውና ግመል ነጂው ስለ ራሳቸው እንጀራ የሚናገሩበት ወንበር አልተዘጋጀም ነበር። የአማካሪ ቦርድ ጥቅም ይህን ጉድለት መሙላቱ ነው። ጉዳዩ የሚመለከታቸው ሰዎች ራሳቸው ይቀመጡበታል፤ መካሪው ቢለወጥም መዝገቡ ይቀራል።

ይሁን እንጂ ወንበር ብቻውን አይበቃም። ሥራ ፈላጊን በመዝገብ ማስፈርና ክፍት ስፍራ ማሳየት አስፈላጊ ነገር ነው። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ግን ከዚያ በፊት የሚመጣ ጥያቄ ነበራቸው፤ በአገሩ ውስጥ ሊሠራ የሚችለው ሥራ በየትኛው በር እየወጣ ነው የሚል። ይህን የማይጠይቅ አማካሪ ባለው ጥቂት ሥራ ላይ ሰልፍ ከማስተካከል አያልፍም። ጥያቄውን ለመመለስ ደግሞ የጉምሩኩን መዝገብ፣ የውሉን ቃል፣ የግብሩን ሥርዐትና የትምህርቱን ይዘት አንድ ላይ ማንበብ ያሻል። ነጋድራሱ ያለ ቢሮና ያለ ጉባኤ ይህን አድርገዋል።

መጽሐፋቸው በ1995 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ በእንግሊዝኛ ተተርጕሞ ስለ ታተመ ስማቸው በሌሎች አገሮች ምሁራን ዘንድም ታውቋል። ሐረርና ድሬዳዋ ግን በቅርብ የሚያዩት ምስክር አላቸው። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ወደ 55 ኪሎ ሜትር የሚሆን መንገድ፣ ሥራ ከአንድ ስፍራ ተነቅሎ ወደ ሌላ ስፍራ የሄደበት መንገድ ነው። በዚያ መንገድ ግርጌ የቆሙት ነጋድራስ የሚያልፈውን ዕቃ ቆጥረው ቀረጥ በመቀበል ብቻ ሳይወሰኑ፣ ከዕቃው ጋር የሚያልፈውን የሰው ሥራ ጭምር ቆጠሩ። በሥራ ጉዳይ ለመንግሥት የሚመክር ሁሉ ከእርሳቸው የሚወርሰው ይህን አቈጣጠር ነው።