ግሬስ ሆፐር እና የግልበጣ ስሕተት

ለኮምፒዩተር ትእዛዝ የሚጽፍ ባለሙያ ቁጥሮችን ከአንድ ወረቀት ወደ ሌላው በእጁ ሲገለብጥ መሳሳቱ አይቀርም፤ ስሕተቱም ሳይታወቅ ውሎ አድሮ ውጤቱን ያበላሻል። ይህን ችግር ከሥሩ ለማስወገድ ከተነሡት ምሁራን መካከል ዶክተር ግሬስ ሆፐር በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳሉ።

ዶክተር ሆፐር እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 9 ቀን 1906 በኒውዮርክ ከተማ ተወለዱ። በ1928 ከቫሳር ኮሌጅ ተመርቀው በዚያው ሲያስተምሩ፣ በ1934 ከዬል ዩኒቨርሲቲ በሂሳብ የዶክትሬት ማዕረግ ተቀበሉ። ጦርነቱ በተፋፋመበት በ1943 መምህርነታቸውን ትተው በአሜሪካ ባሕር ኃይል ተጠባባቂ ጦር ገቡ። በ1944 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ፣ ማርክ አንድ በሚባለው 15 ሜትር ያህል ርዝመት ባለው የሂሳብ መኪና ላይ ተመደቡ። በዚያም የሥራ ጓደኞቹ ተፈትነው የታወቁ የትእዛዝ ክፍሎችን በደብተር እየመዘገቡ እርስ በርስ ይዋዋሱ ነበር።

በ1949 ዩኒቫክን ይሠራ ወደነበረው የፊላዴልፊያ ኩባንያ ተዛወሩ። አንድ ንዑስ ፕሮግራም ወደ አዲስ ሥራ ሲገባ ትእዛዙን መገልበጥ ብቻ ሳይሆን፣ በውስጡ ያሉትን አድራሻዎች ሁሉ ከአዲሱ ቦታ ጋር ማስማማት ያስፈልግ ነበር። ሰው በመገልበጥም ሆነ በመደመር ይሳሳታል፤ መኪናው ግን ለሁለቱም የተፈጠረ ነው። ከዚህ በመነሣት በ1952 ኤ-ዜሮ የተባለውን ኮምፓይለር አዘጋጁ። ጸሐፊው የንዑስ ፕሮግራሙን መጥሪያ ብቻ ሲያሰፍር፣ መኪናው ራሱ ከቴፕ ፈልጎ ይገለብጥና አድራሻውን ያስተካክል ነበር። ኮምፒዩተር ከስሌት በቀር ሌላ አይችልም ይባል በነበረበት ዘመን ብዙዎች ሐሳቡን ለመቀበል አመነቱ። እርሳቸው ግን በዚህ ሳይገቱ ፍሎው-ማቲክ የተባለውን ቋንቋ አስከተሉ፤ እርሱም በ1959 ለተጀመረው ለኮቦል ዐቢይ መሠረት ሆነ።

ዶክተር ሆፐር በ1986፣ በ79 ዓመታቸው፣ በሪር አድሚራል ማዕረግ ጡረታ ወጡ፤ ጃንዋሪ 1 ቀን 1992 አረፉ።

ሲ የተባለው ቋንቋ የእርሳቸው ሥራ ባይሆንም፣ የተዋጉት ችግር በሲ እና በአሴምብሊ መካከል ዛሬም ይታያል። በሲ ሄደር ፋይል ውስጥ ስም የተሰጣቸው ቋሚ ቁጥሮች፣ ፋይሉ በሲ ቅድመ አዘጋጅ ፕሮግራም በኩል ሲያልፍ፣ ለአሴምብሊውም ያገለግላሉ። የውሂብ መዋቅር መግለጫዎችን ግን አሴምብለሩ አይረዳም። ስለዚህ፣ በሊኑክስ ከርነል እንደሚደረገው፣ የየአባሉን ርቀት የሲው ኮምፓይለር ራሱ አስልቶ በቁጥር እንዲያወጣ ይደረጋል። ርቀቱን በእጁ የሚጽፍ ባለሙያ፣ መዋቅሩ በተለወጠ ቀን አሴምብሊው ያለ ማስጠንቀቂያ የተሳሳተ ቦታ ሲያነብ ያገኘዋል። አንዱን ነገር በአንድ ስፍራ ብቻ ጽፎ ግልበጣውን ለመኪናው መተው ከዶክተር ሆፐር ሕይወት የሚወረስ የሙያ ሥርዓት ነው።