የጃፓንን ድምፅ ያዳመጠው ሩሲያዊ

ሩሲያውያን የጃፓን ከተማ ወይም የሰው ስም በፊደላቸው ሲጽፉ እስከ ዛሬ የሚከተሉት ደንብ የየቭጌኒ ፖሊቫኖቭ ነው። እ.ኤ.አ. በ1891 በስሞሌንስክ የተወለደው ይህ የቋንቋ ሊቅ፣ በፒተርስበርግ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ በ1914 ወደ ጃፓን አቀና። ቶኪዮ ብቻ አልተቀመጠም፤ ናጋሳኪ አካባቢ ወርዶ የገጠሩን አነጋገር መዘገበ። ደንቡን በ1917 አወጣ።

ከሩሲያኛ ወደ ጃፓንኛ ሲሆንስ? ካታካና የተባለው የጃፓኖች ፊደል እንደኛው አንዱ ምልክት አንድ ቀለም ነው፤ ግን ከ«ን» በቀር ሳድስ የለውም ማለት ይቻላል። «ል» የሚባል ድምፅም የለም። ስለዚህ ድራማ «ዶራማ» ይሆናል፤ የፖሊቫኖቭ የራሱ ስም እንኳ «ፖሪዋኖፉ» ተብሎ ይጻፋል። ነገሩ የፊደል ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሰው የባዕድ ቃል ሲሰማ ገና ከጆሮው ጀምሮ በራሱ ቋንቋ ድምፆች እየመነዘረ እንደሚሰማ ፖሊቫኖቭ በ1931 ባሳተመው ጽሑፍ አስረዳ። ዛሬም ለቋንቋ ተማሪ የሚጠቅም ሐሳብ ነው።

በሙያው ግን ይሉኝታ አያውቅም ነበር። የኒኮላይ ማር ትምህርት በሶቭየት ምሁራን ዘንድ እንደ ሃይማኖት በተያዘበት ወቅት፣ በ1929 ሞስኮ ላይ ፊት ለፊት ተቃወመው። የማር ደጋፊዎች ዘመቱበት፤ እሱም ወደ ማዕከላዊ እስያ ሄደ። በ1937 ፍሩንዜ ከተማ ውስጥ ተያዘ። ክሱ ለጃፓን መሰለል ነበር! ጃንዋሪ 25 ቀን 1938 ሞስኮ ውስጥ በጥይት ተገደለ።

የማርን ትምህርት ስታሊን ራሱ በ1950 አወገዘው። ፖሊቫኖቭ ከክሱ ነፃ የተባለው ግን በ1963 ነው።