ጦርነትን በቀለም ያነሣው ሰው

ፎቶግራፍ የማይዋሽ ምስክር ነው ሲባል ብዙ ጊዜ እንሰማለን። ይህን አባባል ከመቀበላችን በፊት የፍራንክ ኸርሊን ሕይወት ብንመለከት የሚጠቅመን ይመስለናል። (ዓመታቱን የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።)

ኸርሊ በ1885 በአውስትራሊያ በሲድኒ ከተማ ተወለደ። በ13 ዓመቱ ከቤት ኮብልሎ በብረት ፋብሪካ ተቀጠረ፤ የመጀመሪያ ካሜራውንም በ15 ሽልንግ ገዝቶ ዋጋውን በየሳምንቱ አንድ አንድ ሽልንግ እየከፈለ ጨረሰ። ስሙ የገነነው ግን በበረዶ ምድር ነው። በ1914 ከሻክልተን ጋር ወደ ደቡብ ዋልታ ሲጓዝ «ኢንዱራንስ» የተባለችው መርከባቸው በበረዶ ተይዛ ተሰበረች። ኸርሊ ልብሱን አውልቆ መርከቧን በሞላው የበረዶ ውሃ ውስጥ ገባና የፎቶግራፍ መስተዋቶቹን አወጣ። ሁሉንም መሸከም ስላልተቻለ ከሻክልተን ጋር ተቀምጠው መረጡ፤ ወደ 120 የሚሆኑትን አስቀርተው ወደ 400 የሚሆኑትን እዚያው ሰባበሯቸው። ለሥራው እንዲህ የሚጨክን ሰው ነበረ።

በ1917 የአውስትራሊያ ጦር የሻምበልነት የክብር ማዕረግ ሰጥቶ ወደ ቤልጅግ ላከው። በሦስተኛው የኢፕር ውጊያ ሰውና ፈረስ በጭቃ ሲሰጥም አየ። ከጥቁርና ነጩ ሌላ የፓጀት የሚባለውን የቀለም ዘዴ ይዞ ነበር። በዚህ ዘዴ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ጥቃቅን አራት ማዕዘኖች ያሉበት መስተዋት ከተራው የፎቶግራፍ መስተዋት ፊት ይደቀናል፤ ብርሃኑም በነዚያ ቀለሞች ተጣርቶ ያልፋል። ኋላ ከነጋቲቩ የተገለበጠው ሥዕል ከተመሳሳይ የቀለም መስተዋት ጋር ልክ ለልክ ተገጥሞ ወደ ብርሃን ሲታይ ቀለሙ ይመለሳል። ጥቂት ከተዛነፈ ግን ሁሉም ይዘባረቃል።

ይሁን እንጂ የቀለሙ መስተዋት ብርሃኑን ስለሚውጥበት የሚሮጥ ሰው፣ የሚፈነዳ ቦምብ በቀለም ሊያዝ አይችልም ነበር። ስለዚህ በቀለም የቀረልን ጦርነት የዕረፍቱ ሰዓት ነው፤ ድንኳን፣ ፈረስ፣ ፍርስራሽ፣ ጸጥ ብሎ የተቀመጠ ወታደር።

ለኸርሊ ይህ አልበቃውም። ጥቁርና ነጩም ቢሆን የውጊያውን ስፋት በአንድ መስተዋት ላይ አያሳይለትም። ስለዚህ ከብዙ ነጋቲቮች ቈራርጦ ከአንዱ ጭሱን፣ ከሌላው አውሮፕላኑን፣ ከሌላው ወታደሮቹን አጋጥሞ አንድ ሥዕል ማውጣት ጀመረ። ኋላ የአውስትራሊያን የጦር ታሪክ የጻፈው ጋዜጠኛ ቻርልስ ቢን ይህ ሐሰት ነው ብሎ ተቃወመ። ኸርሊም ሥራዬን እለቃለሁ አለ። ነገሩ የበረደው ቅንብር መሆናቸው እንዲገለጽ ተብሎ 6 ሥዕሎች ከተፈቀዱለት በኋላ ነው። በግንቦት 1918 በለንደን በተከፈተው ትርኢት ላይ ትልቁ ሥዕል ከ12 ነጋቲቮች የተገጠመ ነበር፤ ወርዱም ከ6 ሜትር ይበልጣል። እዚያው አዳራሽ የቀለም ሥዕሎቹ በፋኖስ ብርሃን ለሕዝብ ታዩ።

እኛ ወደ ቢን እናደላለን። ልጇ የሞተባት እናት ከዚያ ሥዕል ፊት ቆማ ልጄ የወደቀው እንዲህ ነው ብላ ብታምን፣ ያመነችው በዕለቱ ያልሆነውን ነውና። ነገር ግን በዚህ ላይ የሚከራከረን ጓደኛ ቢነሣ አይገርመንም። ለቀለም ሥዕል ሲባል ወታደሩን አትንቀሳቀስ ማለትስ ግማሽ ቅንብር አይደለምን?

ወደ ፍልስጥኤም በተላከ ጊዜ ግን ፀሐዩ ረዳው፤ ካማሩት የቀለም ሥዕሎቹ ብዙዎቹ የዚያ ዘመቻ ናቸው። በካይሮም አንዲት የኦፔራ ዘፋኝ ተዋወቀና ከጥቂት ቀናት በኋላ አገባት። (ችኰላው በሥራ ብቻ አልነበረም!) ከዚያ ወዲያ በፓፑዋ ፊልም አነሣ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም እንደገና ወደ መካከለኛው ምሥራቅ ዘመተ። በጥር 1962 በ76 ዓመቱ ሞተ።

ከቀለም ሥዕሎቹ አንዱ በ1918 በፍልስጥኤም የተነሣ ነው፤ አንድ ፈረሰኛ ወታደር ከሣሩ መካከል ቀይ አበባ ሲለቅም ይታያል።